ኮምፒውተሩ አላስገባም ያለን ዕለት

ገንዳ ውሃ ተመደብሽ ስባል እናቴ እንደ ሞተ ሰው ነው ያለቀሰችልኝ። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ላደግሁት ለእኔ ያ ቆላ ማለት ወባና ሙቀት ብቻ ነበር። ደርሼ ሳየው ወባውም ሙቀቱም እንደተባለው ሆኖ አገኘሁት፤ ሰው ግን ክፉ ክፉውን እንጂ ሌላውን አይነግርም። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከዋልካው የሚነሳውን ሽታ፣ ነጭ አበባ ያወጣውን የሰሊጥ ማሳ፣ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴዎች ከወዲያ ማዶ፣ ከሱዳን የሚያመጡልንን ቀይ የከርከዴ ሻይ፣ ጭቃ የያዘውን የጭነት መኪና አገር ምድሩ ወጥቶ ሲገፋ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። አሁን ደጋ ተመልሼ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ ያ ሙቀት ይናፍቀኛል። ያኔ ጧት ማታ የማማርረው እኔው ነበርሁ። እንዲያው ሰው ሲባል የያዘውን አያውቅም።

የምሠራው ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነበር። ካርድ ክፍል በሽተኛ መጀመሪያ የሚመጣበት፣ ስለዚህም መጀመሪያ የሚቆጣበት ቦታ ነው። እኔም ደግሞ የተናገረኝን ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አልነበርሁም። «ምላስሽ ከወባው ይብሳል» ይለኝ ነበር መድኃኒት ክፍል የሚሠራው ባልደረባዬ። እሱ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ አማርኛው መሀል የሱዳን ዓረብኛ ጣል የሚያደርግ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ጫማውን የሚያስር ሰው። እኔ ስቆጣ እሱ ይስቃል፤ እሱ ሲስቅ እኔ ይብስብኛል። እንደዚያ ነበር ውሏችን።

ሚሊኒየሙ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ፕሮጀክት የበሽተኛውን መዝገብ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን ብሎ ተነሳ። የመጣልን ኮምፒውተር እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት ዊንዶውስ አልነበረም፤ ሊኑክስ ነው፣ የዩኒክስ ወገን ነው፣ ቫይረስ አይዘውም ተባልን። እኛ ጤና ጣቢያ ነን፤ የማይታመም ነገር ሲመጣልን ደስ አለን። ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ መሀሉ ላይ ነጭ ሳጥን አለ፤ መጀመሪያ ስምህን፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃልህን ትጽፋለህ፤ ካወቀህ ያስገባሃል። የይለፍ ቃሉን በየሦስት ወሩ መቀየር ግዴታ ነበር፤ ያልቀየረን ሰው ያስወጣል። ከጎንደር እየመጣ የሚያየው አንድ ቴክኒሺያን ነበር፤ የዋናውን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚያውቅም እሱ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መብራት ስላልነበረ ጧት በወረቀት ነው የሠራነው። ረፋዱ ላይ የበሽተኛው ግፊያ ጋብ ሲል አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው፣ ጫማቸው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት ጠርገው፣ መስኮቴ ፊት መጥተው ቆሙ። ካርድ የሚያወጡ መስሎኝ ቀና እንኳ ሳልል «ስም?» አልኋቸው።

«የኔን ነው የልጄን?» አሉኝ። አነጋገራቸው የጎጃም ነው።

ቀና አልሁ። እንደነገሩኝ ልጃቸው አምና ክረምት እንደ ሌላው ሳሉግ፣ እንደ ቀን ሠራተኛው ሁሉ፣ አረም ሊያርም ወርዶ ነበር። አልተመለሰም። አብሮት የወረደ የመንደራቸው ሰው «ወባ ይዞት ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ገባ፣ እዚያው ሞተ» ብሎ የነገራቸው ወራት ካለፈ በኋላ ነው።

«መሞቱንስ ሰምቻለሁ» አሉኝ፤ «ቀኑን ነው ያጣሁት። የነገረኝ ልጅ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው አለኝ እንጂ ቀኑን አላወቀልኝም። አርባውን ሳላወጣለት ቀረ። አሁን ደግሞ ሙት ዓመቱ ደረሰ። ቄሱ ቀኑን አምጣ አሉኝ፤ እኔ ምን ልበላቸው?»

«ቤተ ክርስቲያን ጠይቀዋል አባቴ? የተቀበረበት?»

«ከዚያው መምጣቴ ነው። በዚያ ክረምት ስንቱን ሳሉግ ቀበርን፣ የማንን ቀን እንይዛለን አሉኝ። እውነታቸውን ነው።»

ነገ ጧት ወደ ጎንደር በሚወጣው አውቶቡስ መሳፈር ነበረባቸው። ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር እስከ ወረዳቸው፣ ከዚያ ወንዝ የሞላበት የእግር መንገድ አለ፤ ዘመድ መጥራት፣ ጠላ መጥመቅ አለ። ቀኑን ዛሬ ካልያዙ ሙት ዓመቱም እንደ አርባው ሊያመልጣቸው ነው። መዝገብ ቢኖረኝ ገልጬ በአምስት ደቂቃ እነግራቸው ነበር፤ የአምናውን መዝገብ ግን ከነሣጥኑ ምስጥ በልቶታል። የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ደግነቱ መብራት መጣ።

«ይቀመጡ አባቴ፤ አሁን አየዋለሁ» ብዬ በኩራት ከፈትሁት።

ስሜን ጻፍሁ፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍሁ፣ ተጫንሁ። ስክሪኑ ጥቁር አለ፤ አንድ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ሳላነበው ጠፋ፤ ያው ሰማያዊው ተመልሶ መጣና እንደ አዲስ ስም ጠየቀኝ። ደገምሁት። ያው ነው። ሠለስሁት። ያው ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጣት ነው። ትልልቁን ፊደል የሚያወጣው ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ አየሁ፤ አልተጫነም። ቀጥሎ ኪቦርዱን ጠረጠርሁ። የድሮውን ኪቦርድ አቧራና ላብ ስለገደለው አዲሱን ያስመጣነው ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ነው፤ ቁልፎቹ ላይ የዓረብኛ ፊደልም አለባቸው። ምናልባት ሳላውቀው ዓረብኛ እየጻፍሁ ይሆናል ብዬ የይለፍ ቃሌን በሚታየው የስም ሳጥን ውስጥ ጻፍሁት። አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እጄን እጄን ያዩኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ ስሳሳት አልወድም።

ባልደረባዬን ጠራሁት። የራሱ ስምና የይለፍ ቃል አለው። በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈና ተጫነ።

«ኸላስ፣ አለቀ፣ እኔንም አባረረኝ» አለ።

አንዲት ነርስም ሞከረች፤ እሷንም መለሳት። ከዚያ ያልሆነው የለም። ገመዱን ነቅለን ሰካነው፤ አጥፍተን አበራነው፤ አቧራውን በጨርቅ ጠረግን፤ አንዱ ሙቀቱ ነው ይላል፣ ሌላው መብራቱ ነው ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ባልደረባዬ እንደነገረኝ ቴክኒሺያኑ ትናንት ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነበር፤ እኔ ወባ ጥሎኝ ቤት ስተኛ እሱ ማሽኑን ፈትሾ፣ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ማስታወሻ ትቶ፣ ማለዳ ወደ ጎንደር ተሳፍሯል። ደወልንለት። በዚያ መንገድ ላይ ያኔ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። እሱንም ሥራውንም እያነሳሁ ረገምሁት፤ አሁን ይቅርታ እለዋለሁ።

ተናድጄ ሆን ብዬ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ጻፍሁ። እንዲያው ለብሽቀት ነው። ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ጊዜ ጥቁር አላለም፤ እዚያው ሰማያዊው ላይ ሆኖ፣ የጻፍሽው ትክክል አይደለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣና ቆመ። ትክክለኛውን ስጽፍ ጥቁር ይላል፤ ስሕተቱን ስጽፍ ስሕተት ነው ይላል።

«አየህ» አልሁት ባልደረባዬን፤ «እኛን ያውቀናል። አውቆን ነው የሚያስወጣን።»

«እንግዲያው ምን ብሎ እንደሚያስወጣን እናንብባ» አለ። ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ጽሑፍ ማለቱ ነው።

ስልጠና ላይ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ስክሪን እንደሚመጣ አሳይተውን ነበር። ያን አደረግሁ። እዚያ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ስጽፍ፣ ቅድም ይሮጥ የነበረው ጽሑፍ ቆሞ ጠበቀኝ። አካውንትሽ ኤክስፓየር አድርጓል፣ አስተዳዳሪውን አነጋግሪ ይላል። አስተዳዳሪው ደግሞ አውቶቡስ ላይ ነው።

ባልደረባዬ ጽሑፉን ደግሞ አነበበው። «እኔ ዘንድ ኤክስፓየር አደረገ የተባለ መድኃኒት ሲመጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።»

ወደ ሰማያዊው ስክሪን ተመለስሁና ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። የፈረንጅ ኦገስት ይላል። ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ገና ሲመጣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ቀኑን ራሱ ይሞላ ነበር፤ የሚሞላው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወረዳው ሪፖርት የሚፈልገው በኛ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እለውጣለሁ፤ እሳሳታለሁ፤ ሪፖርቱ ይመለሳል፤ እሰደባለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ አንገሸገሸኝ። አንድ ጧት ማሽኑ ሲነሳ ቴክኒሺያኑ ሲጫን ያየሁትን ቁልፍ ተጫንሁና ሰዓትና ቀን የሚሞላበት ገጽ ውስጥ ገብቼ የኛን ቀን፣ የኛን ወር፣ የኛን ዓመት ሞላሁበት። ማንንም አላስፈቀድሁም። ከዚያ በኋላ ወር ሲለወጥ ቀኑን በእጄ ከማስተካከል በቀር ሪፖርቱ እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ፤ እኔም ጎበዝ ተባልሁ፤ ዝም አልሁ። ሁላችንም የይለፍ ቃላችንን የፈጠርነውና በየሦስት ወሩ የምንቀይረው በዚያ በኛ ዘመን ነው። ትናንት ቴክኒሺያኑ ቀኑ የተበላሸ መስሎት አስተካከለዋ። ማሽኑ በአንድ ከሰዓት ስምንት ዓመት ዘለለ፤ ሦስት ወር ያልቀየረን በሚያስወጣው ማሽን ሒሳብ፣ ስምንት ዓመት ሳንቀይር ተገኘን።

ለባልደረባዬ ነገርሁት። አልሳቀብኝም፤ ዘወትር ባይስቅብኝ የምለው እኔ ያን ቀን ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትመልሺዋለሽ?» አለኝ። «ሰውዬው አስተካክሎ የሄደውን አፍርሰሽ ነገ የሆነ ነገር ቢበላሽ ማነው ኃላፊው?»

«እኔ ነኛ። ማን ሊሆን ነው?» አልሁት።

አጥፍቼ አበራሁት፤ ያችን ቁልፍ ተጫንሁ፤ ወሩን አሥራ ሁለት፣ ዓመቱን የኛን አድርጌ መለስሁት። ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ትናንት የተጻፉ ነገሮች ሁሉ ከዛሬ ስምንት ዓመት በኋላ የተጻፉ ሆነው ስላገኛቸው ግራ ገባው መሰለኝ፣ ዲስኩን ከሥር ጀምሮ መፈተሽ ያዘ። ነጭ ቁጥር በጥቁር ስክሪን ላይ በመቶኛ ይቆጠራል። ከመቶ ሦስት። ከመቶ አራት። ውጭ ደመናው ተመልሶ ጠቁሯል፤ ዝናብ ከጀመረ መብራት ይሄዳል፤ መሀል ላይ ከሄደ ዲስኩ ሊበላሽ፣ የልጁም ቀን አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኋቸውም።

አጠገባቸው ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። «ራሱን እየመረመረ ነው አባቴ፤ ይቆያል» አልኋቸው።

«ይመርምር» አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ልጁ አወሩኝ። ቀይ ነበር፣ ረጅም ነበር፣ ሲሄድ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ሲወርድ ቆላ አይበርድም እያላቸው ጋቢያቸውን በግድ አልብሰውት ነው የላኩት። «ታስታውሽው ይሆን?» አሉኝ።

በዚያ ክረምት ከኔ መስኮት ፊት ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ያልቆመ ሰው የለም። ስሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ከኔ ሌላ ማንም አይጽፍም፤ ፊቱን ግን አላስታወስሁትም። ምናልባት እንደሳቸው ቀና ሳልል «ስም?» ብዬው ይሆናል። አላስታውሰውም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቀየሙኝም። አንጀቴን በሉኝ።

ቁጥሩ ከመቶ መቶ ሲል ባልደረባዬ ነው የጠራኝ። ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ስሜን ጻፍሁ፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍሁ፣ ተጫንሁ፤ ስክሪኑ ጥቁር አለና ልቤን ካቆመው በኋላ ከፈተልኝ። ሽማግሌው የልጃቸውን ስም ከነአያቱ፣ ከነቀበሌው ነገሩኝ። ፈለግሁት። አለ። ዕድሜው አለ፣ ወባ የሚለው አለ፣ ሞቷል የሚለው አለ፣ አጠገቡም ቀኑ አለ።

«ነሐሴ ሠላሳ» አልኋቸው።

«ነሐሴ ሠላሳ» አሉ። ሁለተኛም አሉት። ፊታቸው እንዴት ፈታ እንዳለ ልነግራችሁ አልችልም፤ የሞተ ልጃቸውን ሳይሆን ጠፍቶ የነበረ ልጃቸውን ያገኙ ነው የሚመስሉት። ቆመው መረቁኝ፤ ወልደሽ ሳሚ አሉኝ፤ ባልደረባዬን መረቁት፤ ኮምፒውተሩንም ይባርከው አሉ። ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

እኔ ስክሪኑን እያየሁ ቀረሁ። በዚያ ቀን የተመዘገበው በሽተኛ ዝርዝር አላልቅ አለኝ። ወደ ታች እወርዳለሁ፣ አሁንም ነሐሴ ሠላሳ ነው፤ እወርዳለሁ፣ አሁንም። በአንድ ቀን ያን ያህል ሰው ገብቶልን አያውቅም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ማሽኑ ጳጉሜ የሚባል ወር አያውቅም። አሥራ ሦስተኛ ወር ብጽፍለት አይቀበለኝም፤ ዝም ብዬ ብተወው ደግሞ ሠላሳ አንድ ብሎ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ ጳጉሜ ሲገባ በየጧቱ ቀኑን ወደ ነሐሴ ሠላሳ እመልሰው ነበር፤ መስከረም እስኪጠባ እዚያው አስሬ አቆየዋለሁ። ለሪፖርቱ ምንም አልነበረም፤ ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ነው የሚደመረው። ልጁ ከዝርዝሩ መሀል ላይ ነው። ነሐሴ ሠላሳም ሊሆን ይችላል፤ ከጳጉሜ አምስት ቀኖች አንዱም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ማሽኑም እኔም አናውቅም።

ባልደረባዬ ነገሩ ሲገባው «ተያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደስ ብሏቸው ሄደዋል። ማን ያውቅብሻል?»

እውነቱን ለመናገር ልተዋቸው አስቤ ነበር። ስምንት ዓመት ወደ ኋላና ወደ ፊት ሳንገላታው የኖርሁትን ቀን፣ ለአንድ ሽማግሌ አምስት ቀን ብሸፋፍንላቸው ምን ነበረበት? ግን ያ ፈታ ያለ ፊታቸው አላስቀምጥ አለኝ። ጭቃውን እየረገጥሁ ሮጥሁ፤ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ደረስሁባቸው። አሳጥሬ አልነገርኋቸውም፤ የኔን ጥፋት ከነሥሩ ነገርኋቸው፤ ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። መጨረሻውን ግን አሳምረው ሰሙት፤ ከነሐሴ ሠላሳ እስከ ጳጉሜ አምስት፣ ከስድስቱ ቀን አንዱ ነው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ በወደድሁ ነበር።

«ነሐሴ ሠላሳ በሕይወት ኖሮ ቢሆንስ?» አሉ በመጨረሻ፤ የሚያወሩት ከኔ ጋር አልመሰለኝም። «በሕይወት ላለ ልጄ ተዝካር ላወጣ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አልኋቸው።

በጣታቸው ቀኖቹን ቆጠሩ። ጳጉሜ ሦስት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ይዘው ቆሙ። «ሩፋኤል ከመሀላቸው አለ» አሉ። «ለሱ እሰጠዋለሁ። የቱ እንደሆነ እሱ ያውቀዋል።» ከዚያ ትከሻዬን ዳበስ አድርገውኝ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን መስከረም ሲጠባ ቴክኒሺያኑን ራሴ ጠርቼ ሁሉን ነገርሁት፤ ማሽኑ ወደ ፈረንጁ ዘመን ተመለሰ፤ እኔም ቀን መለወጥ በእጄ ለመድሁ። ከገንዳ ውሃ ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ያን ልጅ አይቼው አላስተዋልሁትም፤ ስሙን ግን ከነአያቱ አልረሳሁትም፤ እዚህ አልጽፈውም። በየዓመቱ ሩፋኤል ሲደርስ፣ ልጆች ዝናብ ውስጥ ሲሮጡ በመስኮት እያየሁ፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብዬ እጠራዋለሁ።